«የኮረብታ ምሽግ» ሲባል ግንብ ማለት አይደለም

«የኮረብታ ምሽግ» የሚለው ስያሜ አንባቢን በቀላሉ ያሳስታል፤ ምሽግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የድንጋይ ግንብና ማማ ነውና። በእንግሊዝ አገር ከሳልዝበሪ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው ኦልድ ሳረም ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ የወጣው አፈር ዙሪያውን እየተከመረ የተሠራው የውጭው ክብ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በብረት ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ ምሽግ የሚባለውም እርሱ ነው። በመካከሉ የሚታየው የድንጋይ ፍርስራሽ ግን እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን የወረሩት ኖርማኖች ከድሉ በኋላ ያሠሩት የግንብ ቅሪት ነው፤ የተዘጋጀ አጥር አግኝተው ገቡበት ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቦታው «የመካከለኛው ዘመን» ነው ቢባል፣ ቃሉ የሚገልጸው ኖርማኖች ያሠሩትን ሕንፃ እንጂ የምሽጉን ዕድሜ አይደለም። በዚያው አጥር ውስጥ በ1092 የተመረቀው ካቴድራል ገና በአምስተኛው ቀን ማዕበል ጎድቶታል፤ ዛሬ የሚታየው በሣሩ ላይ የተሰመረው የመሠረቱ ቅርጽ ነው።