በወንጌሉ ቅስት ላይ ያለችው እግረ ረጅም ወፍ የማን ናት?

ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደርሶ የመጣ ሁሉ የድሮ የብራና ወንጌል ሥዕል ሲነሣ "ይቺ እግረ ረጅም ወፍ የየትኛው ወንጌላዊ ምልክት ናት?" ይላል። ኧረ የማንም አይደለችም! የወንጌላውያኑ ምልክቶች ሰው፣ አንበሳ፣ ላምና ንስር ናቸው፤ በቃ።

ወፏ ያለችው በወንጌሉ መጀመሪያ ገጾች ላይ በተሣለ፣ በዓምዶች ላይ በቆመ ቅስት ላይ ነው። ከቅስቱ ሥር፣ በዓምዶቹ መሀል በግዕዝ ቁጥር የተሞላው የአውሳብዮስ ሰንጠረዥ ነው። የቂሳርያው ጳጳስ አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አራቱን ወንጌላት ለማመሳከር 10 ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ለምሳሌ አምስት ሺህ ሰው የጠገበበት ታሪክ አራቱም ላይ ስላለ 1ኛው ውስጥ ይገባል፣ የጠፋው ልጅ ግን ሉቃስ ላይ ብቻ ስለሆነ 10ኛው ውስጥ ነው። ሥራውን የሚሠራው የየወንጌሉን ክፍል የሚጠቁመው ቁጥር ነው። ወፏ ብትፋቅ ማመሳከሪያው አይጎድልም (እንዳትፍቋት ታዲያ!)።

እስከዚህ ድረስ አያከራክርም። የወፎቹ ዓይነትና ብዛት ግን እንደ ሠዓሊው ነው፤ አንዱ ሽመላ የመሰለ ይሥላል፣ ሌላው ቆቅ የመሰለ። ብዙዎች ገነትን ያሳያሉ ይላሉ።

በአንዳንድ ብራናዎች ከሰንጠረዦቹ ቀጥሎ ባለ ዓምድ ትንሽ ቤት አለች፣ ዙሪያዋን ቀጫጭን እግር ያላቸው እንስሳት ቆመዋል። ገሚሱ አጥኚ የሕይወት ምንጭ ናት ብሎ መዝሙረ ዳዊት ላይ ውኃ የናፈቀውን ዋላ ያነሣል። ሌላው የጌታ መቃብር ናት ይላል። እኔ ዋላዎቹን ሳይ ወደ ምንጩ አደላለሁ።