አክሰል ካፐለንና የተሰፋው ልብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1895፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ቀን 1887። የአድዋ ክተት ሊታወጅ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። በዚያች ቀን በኖርዌይ ዋና ከተማ በክርስቲያኒያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ ማለት ነው፣ ግራ ብብቱ ላይ በስለት የተወጋ የ24 ዓመት ወጣት ሪክስሆስፒታሌት ወደተባለው የመንግሥት ሆስፒታል ገባ። ብዙ ደም ፈስሶት ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ከባድ ሁኔታ ላይ ደርሷል። ዶክተር አክሰል ካፐለን ደረቱን በግራ በኩል ከፈቱ፤ የልቡን ሽፋን ከፍተው የተወጋውን ልብ ሰፉ፤ የሚደማውንም የልብ የደም ቧንቧ በክር ቋጠሩ። በሕክምና ታሪክ በሰው ልብ ላይ ቀዶ ጥገና በማድረግ መጀመሪያ የሚጠቀሱት እሳቸው ናቸው።

ስማቸው ግን እምብዛም አይነሳም። ሲነሳም ብዙ ጊዜ ከስህተት ጋር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የልብ ቀዶ ጥገና የጀመረው በደቡብ አፍሪካው በርናርድ ነው»

ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ክርስቲያን በርናርድ በዲሴምበር 3 ቀን 1967 ኬፕታውን ውስጥ ያደረጉት ንቅለ ተከላ ነው፤ የሞተን ሰው ልብ ወስደው ለሌላ ሰው ተከሉ። ከካፐለን በኋላ 72 ዓመት አልፏል። የበርናርድ ታካሚ ሉዊስ ዋሽካንስኪ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 18 ቀን ኖሮ በሳንባ ምች ሞተ። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

«ልብ ከተነካ ሰውየው አለቀ»

ይህ እምነት የተራው ሰው ብቻ ሳይሆን የታላላቅ ሐኪሞችም ነበር። እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ስቲቨን ፓጀት በ1896 እንኳ የልብ ቀዶ ጥገና ተፈጥሮ ያበጀችለት ድንበር ላይ ሳይደርስ አልቀረም ብለው ጽፈዋል። ክርስቲያኒያ ውስጥ ግን ድንበሩ ቀድሞ ታልፏል።

ልቡ የተወጋን ሰው የሚገድለው ልቡ መነካቱ ራሱ አይደለም። ልብን እንደ ከረጢት የሚያቅፍ ሽፋን አለ። ከቁስሉ የሚወጣው ደም በዚህ ከረጢት ውስጥ ሲጠራቀም ልብን ከውጭ ይጫነዋል፤ የተጫነ ልብ ደግሞ በሚላላበት ጊዜ በደም መሞላት አይችልም፤ ካልተሞላ ምን ይረጫል? ኤድሙንድ ሮዘ የተባሉ ሐኪም ለዚህ ችግር በ1884 ታምፖናድ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ነው። ስለዚህ የሐኪሙ ሥራ ከረጢቱን ከፍቶ የታቆረውን ደም ማስወጣት፣ ከዚያ የሚደማበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። እየዘለለ ባለ ጡንቻ ላይ መርፌ ማሳለፍ፣ ያውም ከዚያ በፊት ማንም ሲያደርገው ሳያዩ፣ ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረደው።

«ካፐለን የልብ ሐኪም ነበሩ»

አልነበሩም፤ እንዲህ ያለ ሙያም ገና አልተፈጠረም። በ1858 ተወልደው በ1919 ያረፉት ካፐለን ሕክምናን በክርስቲያኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1883 የተመረቁ ጠቅላላ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ።

«ያደረጉት ኦፕን ሃርት ሰርጀሪ (ልብን ከፍቶ የሚደረግ ቀዶ ጥገና) ነው»

የተከፈተው ደረት ነው እንጂ ልብ አይደለም። ልብን አስቁሞ፣ ከፍቶ፣ ውስጡን መጠገን የተቻለው የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ ማሽን ከመጣ ወዲህ ነው። ጆን ጊበን በዚህ ማሽን ፊላደልፊያ ውስጥ በተሳካ ሁኔታ ቀዶ ጥገና ያደረጉት በሜይ 6 ቀን 1953 ነው።

«የመጀመሪያው ዊሊያምስ ናቸው» ወይም «ሬን ናቸው»

እዚህ ላይ ጠቡ ከፍ ያለ ነው፤ ሁሉም ወገን የያዘው እውነት ስላለ። ጥቁር አሜሪካዊው ዶክተር ዳንኤል ሄል ዊሊያምስ በ1893 ቺካጎ በሚገኘው ፕሮቪደንት ሆስፒታል ደረቱ ላይ የተወጋን ሰው ከፍተው የልቡን ሽፋን ሰፍተዋል፤ ሰውየውም ድኖ ለዓመታት ኖሯል። የተሰፋው ግን ሽፋኑ ነው፤ ልቡ ላይ ስፌት አላረፈም። ሽፋኑን በመስፋትም ቢሆን ሄንሪ ዳልተን በ1891 በሴንት ሉዊስ ቀድመዋቸዋል። የዊሊያምስ ክብር ከዚህ የተነሳ አይጎድልም፤ በዚያ ዘመን፣ በዚያ ዓይነት መድልዎ ውስጥ ያደረጉት ነገር ትልቅ ነው። ግን ሽፋንና ልብ ይለያያሉ።

ጀርመናዊው ሉድቪግ ሬን ደግሞ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1896 ፍራንክፈርት ውስጥ በጩቤ የተወጋን ልብ በሦስት የሐር ስፌት ሰፉ፤ ታካሚውም ዳነ። ይህ በካፐለን ቀዶ ጥገና ዓመት ሞልቶ አምስት ቀን ሲያልፍ ነው። በመካከላቸው ጊዶ ፋሪና ሮም ላይ ሞክረው ታካሚያቸው ከቀናት በኋላ ሞቷል። እንግዲህ ታካሚው የዳነበት የመጀመሪያው የልብ ስፌት የሬን ነው። ልብን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፉት ግን ካፐለን ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ አንዱን ማስቀረት ተገቢ አይደለም።

«ታካሚው ስለሞተ ቀዶ ጥገናው ከሽፏል»

ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ወጣቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነቅቶ ነበር። ለ24 ሰዓት ያህል ደህና መስሎ ቆየ። ከዚያ ትኩሳት ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የገደለው በደረቱ ውስጥ የተነሳ ኢንፌክሽን ነው።

ኢንፌክሽንን በምን ሊዋጉት ኖሯል? ፔኒሲሊንን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኙት በ1928 ነው፤ ለሕሙማን በስፋት የደረሰውም በ1940ዎቹ ነው። ለፈሰሰው ደም ምትክ ልስጥ ቢሉ የደም ዓይነቶች እንኳ ገና አይታወቁም፤ ካርል ላንድሽታይነር የለዩዋቸው ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። ራጅም አልነበረም፤ ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው ከዚያ ቀዶ ጥገና ሁለት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 1895 ነው። ካፐለን የነበራቸው ዓይናቸው፣ እጃቸው፣ መርፌና ክር ነው። በእነዚህ ሊሠራ የሚችለውን ሠርተዋል።

የበርናርድን ታካሚ 18 ቀን ዓለም ሁሉ በድል አክብሮታል፤ ትክክልም ነው። የክርስቲያኒያው ወጣት ሦስት ቀንም በዚያው ሚዛን መለካት አለበት።

ካፐለን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1896፣ የሆነውን ሁሉ በኖርዌይ የሕክምና መጽሔት ላይ በስማቸው አሳተሙ። ርእሱ «የልብ ቁስል፣ የልብ ስፌት» የሚል ነበር። እጃቸው ላይ ስለሞተ ሰው ነው የጻፉት፤ ከእሳቸው በኋላ ያን ደረት ለሚከፍት ሐኪም ብለው።