ኢምፕሮቫይዜሽን ላይ «የተሳሳተ ኖታ» ምንድን ነው?

ኢምፕሮቫይዜሽን ሙዚቃን አስቀድሞ ሳይጽፉ፣ እዚያው እየተጫወቱ መፍጠር ነው። በኖታ የተጻፈ ሥራ ላይ ስሕተትን ለመለየት አያስቸግርም፤ የተሰማውን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ይበቃል። ሶሎ (አንድ ተጫዋች በአጃቢዎች ላይ ጎልቶ እየፈጠረ የሚጫወትበት ክፍል) ላይ ግን የሚመሳከርበት ነገር የለም። ተጫዋቹ ሊነካ ያሰበውን አድማጩ አያውቅም፤ የሚያውቀው የሰማውን ነው። ስለዚህ አንድ ኖታ ስሕተት ሆኖ መቅረቱን የሚወስነው በአብዛኛው ተከትሎት የሚመጣው ነው።

ነገሩ ለማጽናኛ የሚባል አይደለም፤ ከድምፆቹ አቀማመጥ የመጣ ነው። አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ውስጥ 12 ድምፆች አሉ፤ ሜጀር ስኬል (እንደ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ያለው የድምፆች ተራ) 7ቱን ይወስድና 5ቱ ከውጭ ይቀራሉ። ከውጭ የቀሩት ሁሉ ታዲያ ከላይም ከታችም በግማሽ ድምፅ (በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ባለው) ርቀት የስኬሉ ኖታ ይጎራበታቸዋል። በዶ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚ እና ሶል አብረው ሲሰሙ) ላይ ሳያስቡ ፋ ሻርፕ (ከፋ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውን) ቢነኩ፣ ወደ ሶል ለመውጣት ግማሽ ድምፅ ብቻ ይቀርዎታል። ሶል ላይ ሲያርፉ ፋ ሻርፑ መንደርደሪያ ይመስላል።

ሌላው መውጫ መድገም ነው። ያንኑ ፋ ሻርፕ በዚያው ሪትም ሁለቴ ነክተው በሦስተኛው ሶል ላይ ቢያርፉ፣ ጆሮ ታስቦበት የተደረገ አድርጎ ይወስደዋል። አንዳንዴ ደግሞ መጠበቅ ይበቃል። ፋ በዶ ሜጀር ኮርድ ላይ ቢያዝ ከሚ ጋር ይጋጫል፤ ቀጣዩ ኮርድ ሶል ሰባት (ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ) ከሆነ ግን ፋ የኮርዱ አካል ስለሆነ ግጭቱ በራሱ ይፈታል።

አብረው የሚጫወቱ ሰዎችም አንዱ የሌላውን ስሕተት ማዳን ይችላሉ። ፒያኒስቱ ሄርቢ ሃንኮክ ከጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ጋር ሲጫወት ጨርሶ የማይሄድ ኮርድ መምታቱንና ዴቪስ ወዲያው ኮርዱን ትክክል የሚያደርጉ ኖታዎች መጫወቱን በአደባባይ ተናግሯል።

በቴምፖ 120 (በደቂቃ 120 ምት) አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት ተቀምጦ ማሰብ አይቻልም፤ መውጫውን እጅ ራሱ ማወቅ አለበት። ብዙዎች የሚጋለጡትም እዚህ ላይ ነው፦ ደንግጠው ኖታውን ይቆርጡታል፣ ድምፁን ያሳንሱታል፣ ፊታቸውም ይለዋወጣል። አድማጩ ልብ ያላለውን ስሕተት ራሳቸው ይነግሩታል። በሌላ በኩል ስኬሉን ሳያጠኑ «በኢምፕሮቫይዜሽን ሁሉም ልክ ነው» የሚሉ አሉ፤ እነሱ መውጫውን ስለማያውቁት ከአንዱ ግጭት ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

የሪትም ስሕተት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ሀ-ሀ-ለ-ሀ በሆነ የ32 ባር ቅርጽ (ባር ማለት የተወሰኑ ምቶች ምድብ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል 8 ባር ነው፤ «ሀ» ይደጋገማል፣ «ለ» የተለየ ነው) የት እንደደረሱ ቢጠፋብዎ፣ ባልሆነ ኮርድ ላይ መጫወትዎን ይቀጥላሉ፤ የትኛውም ኖታ አያወጣዎትም። ኖታ እያበዙ ለመሸፈን መሞከር ደግሞ ያባብሰዋል። ዝም ይበሉና ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ የሚጫወተውን መሣሪያ) ያዳምጡ። «ለ» ክፍል ኮርዶቹ ስለሚለወጡ ለመለየት ይቀላል፤ እሱ ሲጀምር ይመለሱ።

ለልምምድ አንድ ኮርድ በቴምፖ 60 እየተደጋገመ እንዲጫወት ያድርጉ። ዓይንዎን ጨፍነው በመጀመሪያው ምት ላይ ያገኙትን ኖታ ይንኩ፤ ከዚያ በሁለት ምት ውስጥ ወደ ኮርዱ ኖታ ያድርሱት። በግማሽ ድምፅ ከላይም ከታችም መግባትን ይልመዱ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሸሽ እጅ ሶሎውን ሁሉ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ለ10 ደቂቃ ሳይደናቀፉ ሲወጡት ቴምፖውን ወደ 80፣ ቀጥሎም ወደ 100 ያሳድጉ። ልምምዱን ቀድተው የሚሰሙት በማግስቱ ይሁን። ሲጫወቱ ያሳፈሩዎት ኖታዎች ብዙውን ጊዜ ቅጂው ላይ ተፈልገው አይገኙም፤ ጎልተው የሚሰሙት ዘግይተው የገቡባቸውና ፈርተው የቆረጧቸው ቦታዎች ናቸው፤ የሚቀጥለውን ልምምድ ከእነሱ ይጀምሩ።