የካልካታ ዩኒቨርሲቲ፦ ከፈታኝነት ወደ አስተማሪነት

በህንድ የምዕራብ ቤንጋል ግዛት ርዕሰ ከተማ በሆነችው ኮልካታ የሚገኘው የካልካታ ዩኒቨርሲቲ ጃንዋሪ 24 ቀን 1857 እ.ኤ.አ. በሕግ ተቋቋመ፤ የቦምቤይና የማድራስ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያው ዓመት ተከተሉት። የሦስቱም መነሻ ቻርልስ ውድ የተባለው የብሪታንያ ባለሥልጣን በ1854 ለህንድ ጠቅላይ ገዢ የላከው የትምህርት መመሪያ ነበር። በአርአያነት የተወሰደው የዚያን ጊዜው የለንደን ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ አዲሱ ተቋም ፈተና ያወጣ፣ ዲግሪም ይሰጥ ነበር እንጂ ራሱ አያስተምርም ነበር፤ ማስተማሩ በሥሩ ለታቀፉት ኮሌጆች የተተወ ነበር። የሥልጣኑ ክልል ግን ከላሆር እስከ ራንጉን ይዘልቅ ነበር።

ፈተናው ለይስሙላ የሚሰጥ አልነበረም። በ1858 የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት የበቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ እነሱም ያለፉት ነጥብ ተጨምሮላቸው ነው፤ ከሁለቱ አንዱ በኋላ በቤንጋሊኛ ልብ ወለድ ስሙ የገነነው ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ ነበር። ሁለት ሴቶች፣ ቻንድራሙኪ ባሱና በኋላ ሐኪም የሆነችው ካዳምቢኒ ጋንጉሊ፣ በ1883 ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 መሆኑ ሲታሰብ፣ የዚህ እርምጃ ክብደት ጎልቶ ይታያል።

ዩኒቨርሲቲውን ግን እውነተኛ የዕውቀት ማዕከል ያደረገው የሂሳብ ሊቁና የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ አሹቶሽ ሙከርጂ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ1904ቱ የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የወጣው በዋናነት የመንግሥትን ቁጥጥር ለማጥበቅ ቢሆንም፣ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው እንዲያስተምሩም ይፈቅድ ነበር። ሙከርጂ ከ1906 እስከ 1914 በምክትል ቻንስለርነት ሲያገለግል ይህንኑ ቀዳዳ ተጠቅሞ የድኅረ ምረቃ ትምህርትን አደራጀ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከአገሬው ሰው ኪስ ነበር፤ ታራክናት ፓሊትና ራሽ ቤሃሪ ጎሽ የተባሉት ጠበቆች ከፍተኛ ሀብት ለገሱ፣ በስጦታቸው የሚቋቋሙትን የፕሮፌሰርነት ወንበሮችም ህንዳውያን እንዲይዙ በውል አሰሩ። በ1914 የሳይንስ ኮሌጁ ተመሠረተ።

የፓሊትን የፊዚክስ ወንበር በ1917 የያዘው ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ሲሆን፣ ለዚህ ሲል ደመወዙ እጅግ የተሻለ የነበረውን የመንግሥት የገንዘብ አስተዳደር ሥራ ለቀቀ። በ1928 በብርሃን መበተን ላይ የደረሰበት ግኝት በ1930 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሳትየንድራ ናት ቦስና ሜግናድ ሳሃም በዚሁ የሳይንስ ኮሌጅ ያስተማሩ ናቸው። በ1919 ቤንጋሊኛና ሌሎች የህንድ ቋንቋዎች በማስተርስ ደረጃ መሰጠት ጀመሩ፤ በ1937 ደግሞ ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር የምረቃ በዓሉን ንግግር በቤንጋሊኛ አደረገ።

በፓንጃብ፣ በአላሃባድ፣ በፓትና፣ በራንጉንና በዳካ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በተከፈቱ ቁጥር የካልካታው ክልል እየጠበበ ሄደ። በ1947 አገሪቱ ስትከፈል ደግሞ የምሥራቅ ቤንጋል ኮሌጆች ከእጁ ወጥተው ወደ ዳካ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ዛሬ የድኅረ ምረቃውን ትምህርት በኮሌጅ ስትሪትና በሌሎች ቅጥር ግቢዎቹ ራሱ ሲሰጥ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የሚማሩት በሥሩ በታቀፉት ኮሌጆች ነው።