ትራንስዱሰር እና ጥቃቅን አረፋዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አምፕሊፋየርህ አቅም አንሶት ነው፤ ተለቅ ያለ ግዛ።» ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውሃ ውስጥ ያለች አረፋን በድምፅ ለመያዝ የሚሞክር ተማሪ አረፋዋ አልያዝ ስትለው ይህን ምክር ደጋግሞ ይሰማል። ብር ማስጨረስ ካልሆነ ጥቅም የለውም።

ሙከራው የሚሠራው ውሃ በተሞላ የ100 ሚሊሊትር ክብ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ነው። ሁለት የፒየዞ ዲስኮች (ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ የሚቀይሩ ትራንስዱሰሮች) በጎንና በጎኑ ፊት ለፊት በኢፖክሲ ይለጠፋሉ፤ ከ25 እስከ 26 ኪሎኸርትዝ ላይ ድምፁ አረፋዋን መሃል ላይ ይይዛታል። ፒየዞ ግን ስፒከር አይደለም። ለአምፕሊፋየሩ ካፓሲተር ነው። ባለ 2 ናኖፋራድ ሁለት ዲስኮች በፓራለል 4 ናኖፋራድ ይሆናሉ፤ ይህም በ26 ኪሎኸርትዝ 1,500 ኦም ገደማ ነው። በ8 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር እንኳ እዚህ ላይ 20 ሚሊአምፔር አያሳልፍም።

የጎደለው የካፓሲተሩን ተቃውሞ የሚያጣፋ ኮይል ነው። ለ4 ናኖፋራድ 9.4 ሚሊሄንሪ በሴሪ ይግባ፤ ያን ጊዜ ትንሿ የአምፕሊፋየር ቺፕ ቲዲኤ 2030 ራሷ ዲስኮቹ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ታወጣለች። ከተነቀለ የድሮ ቴሌቪዥን ፍላይባክ (የከፍተኛ ቮልት ትራንስፎርመር) የፌራይት ኮሩን ሁለት ግማሾች አውጡና 10 ሚሊሄንሪን ትንሽ እስኪያልፍ ሽቦ ጠምጥሙበት። ከዚያ በግማሾቹ መካከል ወረቀት እየጨመራችሁ ሚሊሄንሪውን አውርዱት። የመብራት ትራንስፎርመር ብረት አይሆንም፤ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ይግላል። በግራውንዱ በኩል 1 ኦም ሬዚስተር አስገቡ፣ በኦሲሎስኮፕ እያያችሁ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ፤ ከረንቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ከጠርሙሱ ሬዞናንስ (ጠርሙሱ በጣም ከሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) ጋር እስኪገጥም ወረቀቱን ቀይሩ። ዲስኮቹ ላይ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር በፓራለል እሰሩ፤ ያለ እሱ ዲስኮቹ ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሲበራ በእጅ አይነካም። ሽቦውን ስትበይዱም ፍጠኑ፤ ብዙ ሙቀት የፒየዞውን ኃይል ይገድለዋል።

«የስልክ አፕ ሲግናሉን ይሰጣል።» አይሰጥም። ድምፁን በሴኮንድ 48 ሺህ ጊዜ ሳምፕል የሚያደርግ ስልክ ከግማሹ፣ ከ24 ኪሎኸርትዝ፣ አያልፍም።

«የጉም ማውጫዋ ዲስክም አረፋ ትይዛለች።» ውሃ ወደ ጉም የምትቀይረው ዲስክ 1.7 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ነው የምትሠራው። ለዚህ ጠርሙስ አትሆንም።

«ደሴ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ስለማይደርስ በውሃው ውስጥ የሟሟው ጋዝ አይወጣም።» ይህን መስማት ይሰለቻል። ጋዙን የሚያስወጣው መፍላቱ እንጂ 100 የሚለው ቁጥር አይደለም። ደሴ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ወደ 94። እንዲያውም አየሩ ስስ በመሆኑ በእኩል ሙቀት የደሴ ውሃ የሚይዘው ጋዝ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። የተጣራ ውሃ ተጠቅማችሁ 15 ደቂቃ አፍሉት። ሥራው የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው፦ ድስት ውስጥ ክፍቱን የሚበርድ ውሃ አየሩን መልሶ ይጠጣል። ሙቀት በሚችል ወፍራም ጠርሙስ አፉ ድረስ ሞልታችሁ ክደኑት፣ ቀስ ብሎ ይብረድ፤ ወደ ሙከራው ጠርሙስ ስትገለብጡትም በግድግዳው በኩል ይውረድ እንጂ አይንቧቧ። አረፋዋን በስሪንጅ ከላይ አንድ ጠብታ በመጣል አስገቡ። ግድግዳው ላይ ጥቃቅን አረፋ ከተለጠፈ ጋዙ አልወጣም ማለት ነው፤ አምፕሊፋየሩን ሳትነኩ ውሃውን እንደገና አፍሉ።