ቡኒው ኔጋቲቭ አልተቃጠለም፦ ፊልም በቤት ስለማጠብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ፊልም በቤቱ የሚያጥብ ሰው ምክር አያጣም። ችግሩ የምክሩ ግማሽ ስህተት መሆኑ ነው። በተለይ ኔጋቲቩን (ታጥቦ የወጣውን ፊልም) ቀለም ስለሚያስይዙት ዴቨሎፐሮች (የተነሳውን ምስል ፊልሙ ላይ የሚያወጡ ኬሚካሎች)፣ ማለትም ስለ ፒኤምኬና ፓይሮካት ኤችዲ፣ የሚወራው ሌላ ነው፤ እውነቱ ሌላ ነው። ለአይኤስኦ 50 ፊልም፣ ማለትም ብዙ ብርሃን ለሚፈልገው፣ ከእነዚህ የማስበልጠው የለኝም። ስለዚህ የሚባለውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ኔጋቲቩ ቡኒ ከሆነ ተቃጥሏል።»

አልተቃጠለም። ማንኛውም ዴቨሎፐር ብርሃን ያረፈበትን የብር ጨው ወደ ብር ይለውጣል። በተለመደው ዴቨሎፐር ምስሉ ያ ብር ብቻ ነው። ፒኤምኬ ውስጥ ያለው ፒሮጋሎልና ፓይሮካት ኤችዲ ውስጥ ያለው ካቴኮል ግን ሥራቸውን ሲሠሩ የሚተርፈው ቅሪት እዚያው ቦታ ላይ ብሩን የያዘውን ጄላቲን ያጠነክረዋል፣ ቀለምም ይተውበታል። ብር በበዛበት ቀለሙ ይበዛል፤ ብር በሌለበት እምብዛም የለም። ስለዚህ ቀለሙ የምስሉ አካል ነው።

ጥቅሙን ለማየት ቀትር ላይ ሰኞ ገበያ ውጡ። አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ያለው ሱቅ ውስጡ ጨለማ ነው። አይኤስኦ 50 ፊልም በባሕርዩ ኮንትራስቱ (የነጭና የጥቁር ልዩነቱ) ኃይለኛ ስለሆነ በተለመደው አጠባ ነጠላው ድፍን ነጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በእነዚህ ዴቨሎፐሮች ሲታጠብ ግን እጥፋቱ ይተርፋል፣ ጥለቱም ይለያል። ኮንትራስቱ በፊልተር በሚለወጥ ወረቀት ላይ ስታትሙ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላው ቀለም ራሱ እንደ ለስላሳ ፊልተር ያገለግላል፤ በተለይ ነጩ አካባቢ። በብር ቅንጣቶቹ መካከል ስለሚገባም ግሬይኑን (ፎቶው ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ) ያለሰልሰዋል።

«ኔጋቲቩ ስስ ነው፤ ዴቨሎፐሩ ውስጥ የሚቆይበትን ደቂቃ ጨምር።»

መስኮት ላይ ይዛችሁ ስታዩት እውነትም ስስ ይመስላል። ዓይናችሁን ግን አትመኑ። ቀለሙ በዋናነት የሚያግደው ሰማያዊ ብርሃንን ነው፤ የፎቶ ወረቀት ደግሞ በጣም የሚሰማው ሰማያዊውን ነው። ለዓይን የሳሳው ለወረቀቱ በቂ ውፍረት አለው። መጀመሪያ አትሙ ወይም ስካን አድርጉ፣ ከዚያ ፍረዱ። ደቂቃ በግምት የሚጨምር ሰው ነጠላውን መልሶ ያጠፋዋል።

«በቀይ መብራት ፊልሙን ታንክ (ማጠቢያው ዕቃ) ውስጥ መክተት ይቻላል።»

ቀይ መብራት ለወረቀት ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ፊልሞች ቀይንም ያያሉ። ድፍን ጨለማ ወይም ብርሃን የማያስገባ ከረጢት ያስፈልጋል። ታንኩ አንዴ ከተከደነ የቀረውን በቀን ብርሃን መሥራት ይቻላል።

«ደሴ ከፍታ ስለሆነች የአጠባው ደቂቃ ይለያል።»

ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ቢሆንም ኬሚካሉ ከፍታ አያውቅም። የሚያውቀው ሙቀት ነው። ቀመሮቹ ብዙ ጊዜ የተሰሉት ለ20 ዲግሪ ነው። ደሴ ላይ የጠዋት ውሃ ከዚያ በታች ነው፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ቀን ላይ ሊበልጥ ይችላል። ቴርሞሜትር ግዙ። ደሴ ታንኩን ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አቁሙት፤ ኮምቦልቻ በቀዝቃዛ።

«ዴቨሎፐሩ ተመልሶ ይሠራል።»

አይሠራም። ፓይሮካት ኤችዲ በብዛት 1፡1፡100 ይበጠበጣል። በሁለት ጠርሙስ ስለሚመጣ ለ500 ሚሊ ሊትር ውሃ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ በአየር ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ፊልሙ ታንክ ውስጥ ሳይገባ አትቀላቅሉት። ካጠባችሁ በኋላ ፊልሙን ያገለገለው ዴቨሎፐር ውስጥ መልሶ መንከርም ድሮ ይመከር ነበር። የሚጨምረው ግን ፊልሙን በሙሉ የሚሸፍን ጭጋግ መሳይ ቀለም ነው፤ ተዉት።

«ፊልሙ ካነሳሁ በኋላ ቢቆይ ምን ይሆናል?»

ኢልፎርድ ፓን ኤፍ ፕላስ በተባለው አይኤስኦ 50 ፊልም ካነሳችሁ ይጎዳል። የተነሳው ምስል ሳይታጠብ ሲቆይ እየደከመ ይሄዳል። አምራቹ ራሱ በሦስት ወር ውስጥ እጠቡ ይላል። ኬሚካሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የምትጠብቁ ከሆነ መጀመሪያ ኬሚካሉን ያዙ፣ ከዚያ ፊልሙን ካሜራ ውስጥ አስገቡ።

«እንደ ማንኛውም ኬሚካል ነው፤ በእጅ ቢነካ ምንም አይልም።»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፒሮጋሎልም ካቴኮልም መርዝ ናቸው፤ በቆዳ ይገባሉ። ከሁሉም የከፋው ዱቄቱን ወደ ውስጥ መሳብ ነው። የተበጠበጠውን ፈሳሽ ግዙ፤ ሚዛንና ዱቄት ለቤት አይሆንም። የናይትራይል ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። የለካችሁበት ኩባያ ወደ ማድ ቤት አይመለስ። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፉት፤ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡት። ያገለገለውንም ወደ ቦይ አትድፉት፤ ቦዩ ቦርከና ወንዝ ይገባል፣ ቦርከናን ደግሞ ታች ያለ ሰውና ከብት ይጠቀምበታል።