የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ስፔክትረም

በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ መሣሪያ የሚመዘግበው የተወሳሰበ መስመር የብዙ ሞገዶች ድምር ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አሥር ጊዜ ይመላለሳሉ፣ ሌሎቹ አንዱን ምልልስ ለመጨረስ በርካታ ሰከንዶች ይወስዳሉ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ፉሪየር በቀየሰው ስሌት ሞገዶቹ በየድግግሞሻቸው (በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚመላለሱበት ብዛት) ተለይተው የእያንዳንዳቸው ብርታት ሲቀመጥ የሚገኘው ሥዕል ስፔክትረም ይባላል። በዜና የሚነገረው ማግኒቲውድ አንድ ቁጥር ብቻ በመሆኑ የትኛው ሕንፃ እንደሚጎዳ አያመለክትም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ስፔክትረሙ ነው።

የስፔክትረሙ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ክፍል የመንቀጥቀጡን ጠቅላላ መጠን ሲያሳይ፣ መስመሩ ማሽቆልቆል የሚጀምርበት ነጥብ ደግሞ የተሰነጠቀውን ዐለት ስፋት ለመገመት ይረዳል፤ ስንጥቁ በሰፋ ቁጥር ነጥቡ ወደ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ይወርዳል። አሜሪካዊው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ጄምስ ብሩን እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሞዴል ዛሬም ለዚህ ሥራ ያገለግላል። ቶሎ ቶሎ የሚመላለሱት ሞገዶች በጉዞ ላይ ፈጥነው ስለሚደክሙ ሩቅ ቦታ የሚደርሱት በአብዛኛው ቀስ ብለው የሚመላለሱት ናቸው።

ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የሜክሲኮ ሲቲን ያህል የሚያስረዳ የለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 በማግኒቲውድ 8.0 የተለካው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከከተማዋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በፓስፊክ ዳርቻ ነበር። በከተማዋ ውስጥ በዐለት ላይ በተተከሉት መሣሪያዎች የተመዘገበው ከፍተኛ ኃይል ከመሬት ስበት 4 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ከተማዋ በከፊል በተቆረቆረችበት በደረቀው የቴክስኮኮ ሐይቅ ለስላሳ ሸክላ ላይ በነበረው መሣሪያ ግን ወደ 17 በመቶ ደረሰ። የሸክላው የተፈጥሮ ንዝረት አንድ ምልልስ በዚያ ቦታ 2 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ በስፔክትረሙ ላይ ጎልቶ የወጣው ጫፍም እዚያው ላይ ነበር። የአንድ ሕንፃ ምልልስ በግምት የፎቁ ቁጥር ለአሥር ተካፍሎ የሚገኝ ሰከንድ ነው፤ ሕንፃው ሲሰነጣጠቅ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ በብዛት የፈረሱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሲሆኑ፣ ከቅኝ ግዛት ዘመን የቆዩ አጫጭር ቤቶች ብዙዎቹም፣ ባለ 44 ፎቁ የላቲኖ አሜሪካና ሕንፃም ቆመው ቀሩ።

መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የምላሽ ስፔክትረም ደግሞ የተለያየ የምልልስ ጊዜ ያላቸው ሕንፃዎች ለአንድ መንቀጥቀጥ ምን ያህል እንደሚወዛወዙ ያሳያል። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሕንፃ ደንብም፣ ከአውሮፓው ደንብ ተወስዶ፣ ለየአፈሩ ዓይነት የተለየ ስፔክትረም ይሰጣል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና አካባቢው የተነሡት ተከታታይ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ፣ በተለይም በፎቅ ላይ በነበሩ ሰዎች ዘንድ መሰማታቸው፣ ሩቅ የሚደርሱት ቀስ ብለው የሚመላለሱት ሞገዶች ረጃጅም ሕንፃዎችን ስለሚያወዛውዙ፣ የሚጠበቅ ነበር።

የአንድን ቦታ አፈር ለማወቅ መንቀጥቀጥ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ጃፓናዊው ዩታካ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1989 ባስፋፋው ዘዴ መሬቱ ከነፋስና ከተሽከርካሪ የተነሣ ሁልጊዜ የሚያሳየው ጥቃቅን ንዝረት ይመዘገብና የአግድሙ ንዝረት ስፔክትረም ለቁሙ ንዝረት ስፔክትረም ይካፈላል፤ የሚወጣው ጫፍ የአፈሩን የራሱን ድግግሞሽ ይጠቁማል። እንደ ሐዋሳ በሐይቅ ደለል ላይ ለተቆረቆሩ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ ልኬት ከግንባታ ፈቃድ አስቀድሞ ሊከናወን የሚገባው ነው።